ከማደያው በታች ያለ ዕዳ

በካሊፎርኒያ አሮጌ የነዳጅ ማደያ ያላቸው ነጋዴዎች ለዓመታት ሲፈሩት የኖሩት ቀን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነው። ግዛቲቱ በ2014 ያወጣችው ሕግ ባለ አንድ ግድግዳ የከርሰ ምድር ታንኮች እስከዚያ ቀን ድረስ ለዘለቄታው እንዲዘጉ አዝዟል። ቀኑ ያለፈበት ታንክ ውስጥ ነዳጅ ማራገፍ ክልክል ነው። አዲስ ታንክ መቅበር ደግሞ ግቢውን መቆፈር፣ አሮጌውን ማውጣት፣ ቧንቧውን መቀየርና ሥራው እስኪያልቅ ሽያጭ ማቆም አለበት። በቀን ጥቂት መኪና የምታስተናግድ የገጠር ማደያ ይህን ወጪ ከነዳጅ ትርፏ ልትሸፍነው አትችልም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአካባቢ ጥበቃ ደንብ ሲታደስ የሚወራው ስለ ውኃና ስለ አፈር ነው፤ ይገባልም። ከሥሩ ግን የገንዘብ ጥያቄ አለ። ወጪውን ባለቤቱ ዛሬውኑ ይክፈል፣ የጋራ ፈንድ ነገ ይሸፍነው፣ ወይስ ማደያውን ሳያውቅ የሚገዛው ሰው ይሸከመው? በአሜሪካ ይህን በአብዛኛው የሚወስኑት ግዛቶቹ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ በየመንገዱ ዳር ከተቀበረው ተራ ብረት ነው። ብረት አፈር ውስጥ ይዝጋል፤ ሲቀዳደድም ማንም አያየውም። ኮንግረሱ በ1984 ጉዳዩን በሕግ ያዘው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1988 ዝርዝር ደንብ አውጥቶ ለባለቤቶች 10 ዓመት ሰጠ፤ ታንኩን ከዝገት፣ ከመፍሰስና ሞልቶ ከመትረፍ መጠበቅ፣ ካልሆነ መዝጋት። ያኔ ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ታንኮች ዛሬ ከ600 ሺህ በታች ናቸው። ብዙው ባለቤት ሒሳቡን ሠርቶ መዝጋትን መርጧል ማለት ነው። ማፍሰሳቸው የተረጋገጠ ቦታዎች ከ550 ሺህ ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ጸድተዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ግን አሁንም ወረፋ ላይ ናቸው።

ታንክ ሲያፈስ የሚያስከትለውን ለማየት ሳንታ ሞኒካ ትበቃለች። የዚህች የካሊፎርኒያ ከተማ የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች በ1996 ቤንዚን ውስጥ በሚጨመር ኬሚካል መበከላቸው ታውቆ ተዘጉ። ከተማዋ ከውኃዋ ግማሽ ያህሉን አጥታ ከውጭ ለመግዛት ተገደደች።

በ2015 የፌዴራሉ ደንብ ሲታደስ ዓይኑን ከታንኩ ወደ ትናንሾቹ ዕቃዎች አዞረ። ቦቴው ነዳጅ ሲያራግፍ ቱቦው በሚገጠምበት አፍ ዙሪያ ባልዲ የምትመስል መያዣ ተቀብራለች። ሾፌሩ ቱቦውን ሲነቅል የሚንጠባጠበው እዚያ ይቀራል። መያዣዋ ከተሰነጠቀች ግን ነዳጅ በተራገፈ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ የታንኩ መለኪያ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ያልገባውን አይቆጥርም። አዲሱ ደንብ መያዣዋ በየ3 ዓመቱ እንድትፈተሽ፣ በየ30 ቀኑም በዓይን እንድትታይ አዘዘ። እስከዚያ ድረስ ከፍሳሽ ክትትል ግዴታ ነፃ የነበሩትን የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ታንኮችም አስገባቸው። ነዳጅ ሸጠው የማያውቁ ሆስፒታሎች ከማደያ ባለቤቶች ጋር በአንድ ደንብ ሥር ዋሉ።

የፌዴራሉ ደንብ መለወጥ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። አንዲት ግዛት የታንክ ፕሮግራሟን በኤጀንሲው ካስጸደቀች በራሷ ደንብ ትሠራለች፤ ማጥበቅ ትችላለች፣ ማላላት አትችልም። ፍሎሪዳ ታንኮች ፍሳሽ የሚይዝ ሁለተኛ ሽፋን እንዲኖራቸው የቆረጠችው ቀን የ2009 መጨረሻ ነበር፤ ከካሊፎርኒያ 16 ዓመት ቀድማ። ፕሮግራሟን ባላስጸደቀች ግዛት ያለ ነጋዴ ደግሞ የፌዴራሉንም የግዛቲቱንም ሕግ ጎን ለጎን ማክበር አለበት።

ማደያን የሚመለከተው ሌላው፣ የአደገኛ ቆሻሻ ደንብ፣ ይብስ የተጠላለፈ ነው። በወር ከ100 ኪሎ ያልበለጠ አደገኛ ቆሻሻ የሚያወጣ ድርጅት ቀለል ያለ ግዴታ አለበት፤ ማደያም በአብዛኛው እዚህ ይመደባል። ታንኩ በሚታጠብበት ወር ግን ከሥሩ የሚወጣው ዝቃጭና ውኃ ከዚህ ልክ በቀላሉ ያልፋል። ያን ጊዜ ማደያው ለዚያ አንድ ወር ሲባል ወደ ላይኛው ምድብ ይሻገርና የትልልቆቹ ወረቀት ይጫንበታል። በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ለዚህ መላ አበጀለት፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ30 ቀን በፊት አስታውቆ በ60 ቀን ውስጥ ለጨረሰ ምድቡ አይለወጥም። ደንቡ በ2017 ሥራ ላይ ሲውል ግን ወዲያው የጸናው እንደ አይዋና አላስካ የራሳቸው ፕሮግራም በሌላቸው ግዛቶች ዘንድ ነበር። ሌሎቹ የየራሳቸውን ደንብ ማደስ ነበረባቸው፤ ማቅለያ ስለሆነ ደግሞ ይህን ክፍል የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። በሁለት አጎራባች ግዛቶች ማደያ ያለው ነጋዴ አንድ ዓይነት እጥበት አሠርቶ ሁለት ዓይነት ሒሳብ ሊከፍል ይችላል። ያልታደሰ ደንብ ሁልጊዜ ለነጋዴው ይቀለዋል የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? የፌዴራሉ መንግሥት በ1986 በወጣ ሕግ መሠረት ከእያንዳንዱ ጋሎን አንድ አሥረኛ ሳንቲም ይሰበስባል። ነዳጅ ቸርቻሪዎች ለአንድ አደጋ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። አሮጌ ታንክ ለመድን ኩባንያ የሚጣፍጥ ደንበኛ ስላልሆነ ብዙ ግዛቶች የራሳቸውን ፈንድ አቋቁመዋል፤ ካሊፎርኒያ በጋሎን 2 ሳንቲም ታስከፍላለች። ፈንድም ይደርቃል። የሚሺጋን ፈንድ የይገባኛል ጥያቄው ከገቢው በልጦ በ1995 ከሰረ፤ አሽከርካሪው ግን በየጋሎኑ መክፈሉን ቀጠለ። አዲስ ፈንድ በሕግ የተቋቋመው በ2014 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ታንኩ ያፈሰሰበት አነስተኛ ነጋዴ ወይ የግል መድን ፈልጓል፣ ወይ ከኪሱ ከፍሏል።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአትላንታና በዳላስ ማደያ ገዝተው ወይም ተከራይተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ጉዳዩ ይነካቸዋል። የፌዴራሉ ሕግ የታንኩን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ማደያውን የሚያንቀሳቅሰውንም ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ገዢ ከሆነ ባንኩ ከማበደሩ በፊት የቦታውን ታሪክ፣ ጥርጣሬ ካለም የአፈር ምርመራ ይጠይቃል፤ ድሮ የተዘጋ ታንክ ካለ የመዝጊያው ሰነድ መኖሩ ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል። ተከራይ ከሆነ የ30 ቀኑን ፍተሻ የሚመዘግበው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በርካታ የግዛት ፈንዶች ካሳ የሚከፍሉት ደንቡን ጠብቆ ለቆየ በመሆኑ፣ ሳይሞላ የቀረ የፍተሻ ቅጽ ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስከፍለው ታንኩ ያፈሰሰ ዕለት ነው።