የዲኤንኤ ምርመራና የልጅ ቀለብ፦ ላቦራቶሪው የሚመልሰው፣ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው

ፍቺን ተከትለው ከሚመጡ ክርክሮች መካከል የቀድሞው ባል «ልጁ ከእኔ አልተወለደም» ብሎ ቀለብ ላለመክፈል የሚያቀርበው መከራከሪያ ሳይንስና ሕግ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ከተስፋፋ ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዳይ በአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት እንደሚቋጭ በሰፊው ይታመናል፤ ይሁን እንጂ ላቦራቶሪው የሚመልሰው ልጁ ከማን ዘር እንደተገኘ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ልጁን የማሳደግ ግዴታ በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ የሚመስሉት መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ስለሚሆን ብቻ ነው።

ምርመራ ባልነበረበት ዘመን ሕግ አውጪዎች የተጠቀሙበት መፍትሔ የሕግ ግምት፣ ማለትም ተቃራኒው በሕግ በተወሰነ ሥርዓት እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት የሚወሰድ መነሻ ነው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ የሚገምት ሲሆን፣ ግምቱ ጋብቻው ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀናት ውስጥ የሚወለደውንም ልጅ ያቅፋል። የሰው እርግዝና ከፅንሰት እስከ ወሊድ በአማካይ 266 ቀናት ያህል ስለሚፈጅ፣ የተሰጠው ጊዜ ዘግይቶ የሚወለደውንም ልጅ አባት አልባ ላለማድረግ የሚበቃ ነው። አንዲት ሴት ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀናት ሳይሞላ ሌላ ባል እንዳታገባ የተደረገውም የሚወለደው ልጅ የየትኛው ባል እንደሆነ እንዳያሻማ ሲሆን፣ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን ገደቡ ይነሳል።

ሳይንስ በዚህ ግምት ላይ መጀመሪያ ጥያቄ ያነሳው በደም ዓይነት አማካይነት ነው። ካርል ላንድስታይነር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቪየና ውስጥ የደም ዓይነቶችን ከለየ በኋላ፣ እነዚህ ዓይነቶች ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉት በቋሚ ሥርዓት መሆኑ ታወቀ። ዘዴው አንድን ሰው «አባት ሊሆን አይችልም» ለማለት እንጂ «አባት ነው» ለማለት አያገለግልም ነበር፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የመጀመሪያውንም ቢሆን ለመቀበል ዘገዩ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በፊልም ተዋናዩ ቻርሊ ቻፕሊን ላይ በቀረበው ክስ የእናቲቱ ደም ኤ፣ የሕፃኗ ቢ፣ የቻፕሊን ደግሞ ኦ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ የቢ ባሕርይ ስለሌላት ሕፃኗ ያንን የወረሰችው ከአባቷ መሆን አለበት፤ ኦ ደም ያለው ሰው ደግሞ ቢን ሊያወርስ አይችልም። ሆኖም በጊዜው የግዛቲቱ ሕግ የደም ምርመራን ከሌሎች ማስረጃዎች እንደ አንዱ ብቻ ይቆጥር ስለነበር፣ ጁሪው ቻፕሊን አባት ነው ብሎ ወሰነ፤ በየሳምንቱም 75 ዶላር ቀለብ እንዲከፍል ተፈረደበት። ካሊፎርኒያ ሕጉን የለወጠችው በ1953 ነው።

ብሪታኒያዊው አሌክ ጄፍሪስ በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ካገኘ በኋላ ግን አባትን ማግለል ብቻ ሳይሆን መለየትም ተቻለ። ዛሬ የሚመረመሩት በዘረ መል ሰንሰለት ላይ የሚገኙ አጫጭር ተደጋጋሚ ክፍሎች ሲሆኑ፣ ድግግሞሻቸው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልጅም በእያንዳንዱ ሥፍራ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። በአንድ ሥፍራ እናት 12 እና 14፣ ልጅ 12 እና 17 ቢኖራቸው፣ 17 የመጣው ከአባት ነው፤ ተጠርጣሪው ሰው 17 ከሌለው ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁጥሮቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ አልፎ አልፎ የሚለወጡበት አጋጣሚ ስላለ፣ ባለሙያዎች በአንድ ሥፍራ ባለ አለመጣጣም ብቻ ማንንም አያገሉም። «99.99 ከመቶ» የሚለው ውጤትም ቢሆን ተመርማሪውን የሚያነጻጽረው ከማይዛመደው ሌላ ወንድ ጋር ነው፤ የሚጠረጠረው የገዛ ወንድሙ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ይሆናል፤ ይህንንም ለላቦራቶሪው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከልጆች ሲሶ ያህሉ አባታቸው ሌላ ነው የሚለው ወሬ የመጣው በአብዛኛው ከምርመራ ጣቢያዎች ነው፤ ወደዚያ የሚሄዱት ግን በብዛት ቀድሞ የተጠራጠሩ ሰዎች ናቸው። አንትሮፖሎጂስቱ ኬርሚት አንደርሰን በ2006 ያሰባሰባቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በአባትነታቸው በሚተማመኑ ወንዶች ዘንድ አለመዛመድ የተገኘው በ2 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሚጠራጠሩት ዘንድ ግን 30 ከመቶ ያህል ደርሷል። የቀለብ ጉዳይ የሚያከራክራቸው ቤተሰቦች በየትኛው ወገን እንደሚያመዝኑ መገመት አያስቸግርም። በሌላ በኩል በናሚቢያ በሂምባ ሕዝብ ላይ የተደረገውና በ2020 የታተመው ጥናት 48 ከመቶ የሚሆኑት ልጆች የባልየው እንዳልሆኑ አሳይቷል፤ ወላጆቹ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ያውቁ ነበር፤ በባህሉም የልጁ አባት ባልየው ነው።

ሕጉም ቢሆን ወደዚህ የሚያዘነብልበት ጊዜ አለ። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የደም ምርመራ 98.07 ከመቶ አባት መሆኑን ያመለከተለት ሰው ያቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አድርጎ፣ ልጅቱ የእናቲቱ ባል ልጅ ተደርጋ የምትቆጠርበትን የካሊፎርኒያ ግምት አጽንቷል። በዚያ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ «ቻይልድ ሰፖርት» በሚባለው ቀለብ ላይ ደግሞ የሚበረታው የቀን ጉዳይ ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ማሻሻያ የመክፈያ ቀኑ ያለፈበትን ቀለብ እንደ ፍርድ ዕዳ ስለሚቆጥረው፣ ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም፤ የሚለወጠው አቤቱታው ለሌላው ወገን ከደረሰበት ዕለት ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ስለሆነም አባት አለመሆኑ በዲኤንኤ የተረጋገጠ ሰው ፍርድ ቤቱ ከቀጣዩ ቀለብ ቢያሰናብተው እንኳ የቆየው ውዝፍ በላዩ ሊቀር ይችላል፤ ቤት ውስጥ በገዛ እጁ ናሙና ወስዶ ያስመረመረውም፣ የናሙናው ባለቤት ማንነት በሦስተኛ ወገን ስላልተረጋገጠ፣ ፍርድ ቤት ባዘዘው ምርመራ እንደገና መጀመር ይኖርበታል።