በሰው አገር መኖር የሚሰጠውና የሚነሣው

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ ሕዝብ መካከል መኖሩ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ትርፍን፥ ተማሪው ዕውቀትን፥ መነኩሴው በረከትን፥ የተቸገረው እንጀራን፥ የተሳደደውም ዕረፍትን ፈልጎ ሲወጣ ኖሯል። ዳሩ ግን ስለዚህ ነገር በየቤቱና በየአደባባዩ ሲነገር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ወገን ባሕር ተሻግሮ የኖረውን ሁሉ ባለጸጋና ዐዋቂ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ አገሩን የተወ ልማዱንም የጣለ ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ሁለቱም ፍርዶች ሳይመረመሩ የተሰጡ ናቸው። በሰው አገር የመኖር ጥቅምና ጉዳት የሚለየው ተጓዡ ከአገሩ ይዞት በወጣው ነገርና በተመለሰ ጊዜ በሚጠብቀው አቀባበል ነውና።

ለዚህ ነገር የቀደሙት አባቶች ታሪክ ምስክር ይሆናል። በሮሜ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም በተሰየመው የኢትዮጵያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝን የማያውቁ፥ መነኮሳቱም የማተምን ጥበብ ያልተማሩ ስለ ነበሩ፥ ስለ ተገኘው ስሕተት አንባብያንን ይቅርታ ለምነዋል። መነኮሳቱ ከአገራቸው ትምህርታቸውን ይዘው ሄዱ፤ የሰው አገርም ማተሚያውን ሰጣቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ መጽሐፉ ባልታተመም ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ በዚያው በሮሜ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 ተገናኙ፤ በ1652ም መስፍኑ ኤርንስት ጠርተዋቸው ወደ ጎታ ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ለጻፋቸው መጻሕፍትና በ1698 ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ዋና መምህሩ እኒህ አባት ነበሩ። ነገር ግን አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ያስተማሩት ትምህርት በጀርመን ፍሬ ሲያፈራ፥ እሳቸው ከኤውሮጳ የተማሩት ግን ለአገራቸው ሰዎች ሳይነገር ቀረ።

ሌላው ምሳሌ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምናን ተማሩ፥ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሰፉ፥ በበርማም በሐኪምነት ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ረስተው ነበርና አስተርጓሚ አስፈለጋቸው፤ ዘመዶቻቸውም የለዩአቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። በገዛ አገሩ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ምን ያህል እንደ ጎደለበት መገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ አገራቸው እንደ ባዕድ ቈጥራ አልመለሰቻቸውም። ሕሙማንን አከሙ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ዘመኑ መሩ፤ ጨርጨርንም አስተዳደሩ። ፋሺስት ኢትዮጵያን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ስለ ነበሩ፥ በምርኮ የተማሩት ቋንቋ ስለ አገራቸው ፍርድ የሚጠይቁበት ቋንቋ ሆነ።

ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያን በዋሺንግተን፥ በሎንዶን፥ በቤሩትና በሪያድ ይኖራሉ። ጥቅሙ የታወቀ ነው። ከደመወዛቸው ቀንሰው በሚልኩት ገንዘብ ወላጅ ይጦራል፥ ወንድምና እኅት ይማራሉ፥ የፈረሰ ቤት ይሠራል። የሥራ ሰዓት ማክበርን፥ የሙያን ጥንቃቄና የሌላውን ሕዝብ ጠባይ ያያሉ፤ በቤት ሳሉ ያላስተዋሉትን የአገራቸውንም መልካምነት ከሩቅ ሆነው ይረዱታል።

ጉዳቱ ግን በደብዳቤ ስለማይጻፍ ብዙ ጊዜ ተሰውሮ ይኖራል። በአገሩ መምህር የነበረው ሰው ማስረጃው ስላልታወቀለት ሌሊት በር ሲጠብቅ ያድራል። የወላጁን መርዶ በስልክ ይሰማል፤ ለቀብር ለመድረስም አይቻለውም። በስደት ያሉ ወገኖች ዕድር አቋቁመው መረዳዳታቸው የሚመሰገን ቢሆንም የጎረቤትን ሁሉ ቦታ አይሞላም። ልጁም በአባቱ ቋንቋ ተጠይቆ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል፤ አያቱ ልትመርቀው በመጣች ጊዜ ምርቃቷን አይሰማም።

ከሁሉ የሚከብደው ሳይዘጋጅ የሄደው ሰው መከራ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን ሳይዙ የገቡ ነበሩ። በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ በመንግሥት ታገደ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በመካከሉ ግን በጅቡቲና በየመን በኩል በድብቅ የሚሄደው አልተቋረጠም። ችግር የገፋውን ሰው ክልከላ ብቻውን እንደማያቆመው ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የባለሥልጣኑና የመምህሩ ተግባር ሰውን ሂድ ወይም ቅር ከማለት ያለፈ ነው። የምትሄደው ልጅ የምትፈርመው ውል በምታውቀው ቋንቋ ተነቦላት፥ የምትገባበትን ቤት ሕግ፥ የደመወዟን ልክና ስትበደል የምትጮኽበትን በር ዐውቃ ልትሄድ ይገባል። በስደት ያሉ ካህናትና ወላጆችም ለልጆቻቸው ፊደልን ቢያስቈጥሩ፥ ሲመለሱ አስተርጓሚ ከመፈለግ ያድኗቸዋል።

ተመላሹን መቀበልም የዚያኑ ያህል ሊታሰብበት ይገባል። ዕውቀት ይዞ የመጣውን ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት እያመላለሱ ቢያሰለቹት ዕውቀቱን ይዞ ተመልሶ ይሄዳል። ባዶ እጁን የመጣውንም «ምን አመጣህ?» ብለው ቢያሳፍሩት ነገ በባሰው መንገድ ይወጣል። ለሐኪም ወርቅነህ ዘመዶቻቸው ጠባሳቸውን አይተው ልጃችን ነው እንዳሏቸው፥ ዛሬም ከመንገድ ቈስሎ የሚመለሰውን ሰው ወገኖቹ በቍስሉ ሳይንቁት ልጃችን ነው ሊሉት ይገባል።