ዳገት ላይ የቆመ መኪና

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ይደርሳል። ከዚያ በክምር ድንጋይ አድርጎ በጉና ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ ይቀጥላል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከኩርባ ማዶ የቆመ መኪና የሚታየው ከደረሱበት በኋላ ነው።

የተበላሸ መኪና ከተቻለ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቀጥ ባለ ስፍራ ይቆማል። የግራና የቀኙ ፍሬቻ አብሮ ይበራል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ታኮ ይደረግበታል። ተሳፋሪዎች ከመንገዱ ውጭ ራቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ ከመኪናው ኋላ መቆም አደገኛ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ አሥር እርምጃ ላይ ማቆም ለይስሙላ ነው፤ ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቆ፣ ኩርባ ካለም ከኩርባው በፊት ይቀመጣል። አንጸባራቂ ሲጠፋ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል። ቅጠሉስ ይሁን፤ ድንጋዩ ግን መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀርና ማታ ለሚመጣው ባጃጅ ወጥመድ ይሆናል።

መኪናው የቆመው ሞተሩ ግሎ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ራዲያተር ላይ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ስለሚይዝ የውስጡ ውሃ ከዚያ በላይ ግሎም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን በቅጽበት ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መክፈትም አያድንም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክዳኑ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።