ከውሉ በስተጀርባ ያለው ውል

ሕግ ስንማር በመጀመሪያ ከምንጨብጣቸው መርሆዎች አንዱ፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ይቆጠራል የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 የሚደነግገውም ይህንኑ ነው። በሙያው ብዙ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ለመሆኑ ውልን የሚያስከብረው ወረቀቱ ነውን? አጥጋቢ መልስ ያገኘሁት ከሕግ ሊቅ ሳይሆን፣ ከሶሲዮሎጂ መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ነው።

ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1858 ኤፒናል በተባለች ከተማ ከአይሁድ ረቢዎች ቤተሰብ ተወለደ። ከ1887 ጀምሮ በቦርዶ፣ ከ1902 ጀምሮ ደግሞ በፓሪስ ሶርቦን አስተምሮ በ1917 አረፈ። ስለ ሥራ ክፍፍል የጻፈውና በ1893 የታተመው መጽሐፉ አንድ ጉዳይ ይመረምራል፤ ሰዎች በሙያና በአኗኗር እየተለያዩ ሲሄዱ አንድ ላይ የሚያቆማቸው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰር ለዚህ ቀላል መልስ ነበረው። የኢንዱስትሪ ኅብረተሰብን የሚያስተሳስረው ግለሰቦች ለየጥቅማቸው በነፃ የሚገቡት ውል ነው ይል ነበር። ዱርካይም በዚህ አልተስማማም። ዛሬ እኔን ከእርስዎ ጋር ያገናኘኝ ጥቅም ብቻ ከሆነ፣ ነገ የተሻለ ጥቅም ሌላ ዘንድ ባገኝ ትቼዎት እሄዳለሁ። ስለዚህ በውል ውስጥ ያለው ሁሉ ከውሉ የመነጨ አይደለም። ቃል መከበር አለበት የሚለው እምነት፣ ማታለልን የሚጠየፈው ልማድ፣ አለመግባባት ሲነሳ የሚዳኘው ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ ተዋዋዮቹ ከመገናኘታቸው በፊት የነበሩ የኅብረተሰቡ ሀብቶች ናቸው።

የሕግ ሰዎችም ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም። የ1804 የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ውል ከተጻፈው በላይ ርትዕና ልማድ የሚያስከትሉትን ግዴታ ጭምር እንደሚጥል ደንግጓል። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የእኛ የ1952 ዓ.ም. ሕግም በቁጥር 1713 ልማድን፣ ርትዕንና ቅን ልቦናን ከውሉ ቃል ጎን አስቀምጧቸዋል። ቤት የሚያሠራ ሰው ተቋራጩ ሲሚንቶ አሳንሶ በልስን እንዳይሸፍነው በየግድግዳው አንቀጽ ሊያስጽፍ አይችልም። ያልተጻፈውን የሚሞላው የሰውየው የሙያ ኅሊና ነው።

ዱርካይም በሁሉም ነገር ትክክል ነበር ማለት አይደለም። በቀደሙት ማኅበረሰቦች የሚያይለው የሚቀጣ ሕግ ነው፣ ጉዳትን የሚያስተካክል ሕግ የሚሰፋው የሥራ ክፍፍል ሲሰፋ ነው ብሎ ነበር። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ግን በ1926 ባሳተመው ጥናት፣ የትሮብሪያንድ ደሴቶች ሰዎች ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ፖሊስ በመሰጣጣት ግዴታ ተሳስረው እንደሚኖሩ አሳይቷል። ይህ ታሪካዊውን ትንተና ቢያናጋውም፣ ስለ ውል የተናገረውን ግን ይበልጥ የሚያጠናክር ይመስለኛል።

ድሮ በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረ የኪራይ ውል ዛሬ ስምንት ገጽ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። አንቀጹም መቀጫውም በዝቷል፤ መተማመኑ ግን አልጨመረም። ዱርካይም የሥነ ምግባር መመሪያ ከኑሮው ለውጥ ኋላ ሲቀር የሚፈጠረውን ክፍተት አኖሚ ይለዋል። ሰው ፍላጎቱን የሚገራለት፣ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይለት የጋራ ልክ ሲያጣ ማለት ነው።

መፍትሔውስ? በ1902 ለሁለተኛው ኅትመት በጻፈው መቅድም፣ መንግሥት ለየሙያው ዝርዝር ሥነ ምግባር ለማውጣት እጅግ የራቀ ነው ይላል። ቤተሰብም ከሥራው ዓለም ወጥቷል። ክፍተቱን መሙላት የሚችሉት ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ የሙያ ማኅበራት ናቸው።

ይህ ሐሳብ ሐኪሙንም፣ መሐንዲሱንም፣ የሒሳብ ባለሙያውንም፣ እኛን ጠበቆችንም ይነካናል። የሙያ ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ማስጠበቂያ ብቻ ከሆነ ዱርካይም ያሰበው ማኅበር አይደለም። የሥራ ባልደረባውን ጥፋት እያየ የሚሸፍን ባለሙያ፣ የሚያፈርሰው ማንም ያልጻፈውን፣ ነገር ግን የተጻፉት ውሎች ሁሉ የቆሙበትን መሠረት ነው። እሱ ከፈረሰ በኋላ አዋጅ ብንደራርብ የሚበዛው ክስ እንጂ መተማመን አይሆንም።