ማለዳ አልነሳ የሚል ሞተርና የቾክ ነገር

በበጋ ወራት በሐዋሳ ዙሪያ የሚገኝ አትክልት አምራች ሥራውን የሚጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ቲማቲምና ጎመን የጫነው አሮጌ ፒክአፕ ገበያው ሳይደራ ከተማ መድረስ አለበት፤ የመስኖ ፓምፑም ፀሐይ ሳትበረታ ውሃ መግፋት ይጠበቅበታል። ይሁን እንጂ መስኖ አብዝቶ የሚፈለግበት የኅዳርና የታኅሣሥ ወር ማለዳው የሚቀዘቅዝበት ወቅትም ነው። በዚህ ሰዓት በካርቡሬተር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ደጋግሞ ይጠፋል፤ ባትሪ ይደክማል፤ ውድ የሆነው ቤንዚንም በከንቱ ያልቃል።

ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሔ የካርቡሬተሩን አፍ በእጅ መክደን ወይም ቤንዚን በቀጥታ ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከተፋ ግን እሳቱ የሚወጣው በዚያው አፍ በኩል ስለሆነ ይህ አሠራር እጅና ፊት ያቃጥላል፤ ተሽከርካሪውንም ሊያወድም ይችላል። ለዚህ ሥራ የተሠራው ክፍል ቾክ ነው። በብዙ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ግን ገመዱ ተበጥሷል፣ ሽቦው ተነቅሏል፣ ወይም ክዳኑ ክፍት ሆኖ ታስሯል።

የሞቀ ሞተር ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በአማካይ 14 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከቤንዚኑ ከፊሉ ሳይተን በመግቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ስለሚቀር ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ያንሳል። ቾክ በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለ ክዳን ሲሆን፣ ሲዘጋ አየሩን በመቀነስ ተጨማሪ ቤንዚን እንዲሳብ ያደርጋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ተዘግቶ ከቀረ ግን ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ፋሻና ሲሊንደርም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

የቦታው ከፍታም መረሳት የለበትም። ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከባህር ጠረፍ አየር ይልቅ የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። እንደ ሁላ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ቅዝቃዜው ቾክ ያስፈልገዋል፣ የአየሩ መሳሳት ግን ቶሎ መክፈትን ያስገድዳል።

የትኛውን ቾክ መምረጥ?

ካርቡሬተር ሲቀየር ምርጫው በሁለት ይከፈላል። የእጅ ቾክ ከአሽከርካሪው ፊት ባለ መሳቢያ ገመድ ይሠራል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሲበላሽም በቀላሉ ይጠገናል። ድክመቱ ሰው ረስቶት መሄዱ ነው። አውቶማቲክ ቾክ ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ የሚፈታ የብረት ጥቅል አለው፤ ሙቀቱንም ከኤሌክትሪክ፣ ከሞተሩ ውሃ ወይም ከጭስ ማውጫው ያገኛል። በእያንዳንዱ ቀን ብዙ ሾፌር ለሚነዳው ተሽከርካሪ አውቶማቲኩ ይመረጣል። አንድ ጠንቃቃ ሾፌር ላለውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ላረጀ መኪና ግን የእጅ ቾክ የተሻለ ነው።

የእጅ ቾክ ሲገጠም ገመዱ ከማርሜታ ርቆ፣ ሳይጠመዘዝ መዘርጋት አለበት። የውጭ ሽፋኑ ከካርቡሬተሩ አጠገብ በማሰሪያ ይጠብቃል። መሳቢያው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወጣ ብሎ፣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሽቦው በብሎን ይታሰራል። ይህ ክፍተት መሳቢያው ወደ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ በእርግጥ መከፈቱን ያረጋግጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ክዳኑ እስከ መጨረሻው መዘጋቱንና መከፈቱን በዓይን ማየት ይገባል። ገመዱ የነዳጅ መርገጫውን እንቅስቃሴ አለመያዙም መፈተሽ አለበት።

በኤሌክትሪክ ቾክ በኩል የመጀመሪያው ጥያቄ ቮልት ነው። ለምሳሌ በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ቮልስዋገን ቢትል በቀደሙት ሞዴሎቹ 6 ቮልት፣ በኋለኞቹ 12 ቮልት ነው። የ6 ቮልት ቾክ በ12 ቮልት ላይ ከተገጠመ ይቃጠላል፤ የ12 ቮልቱ በ6 ላይ ሲገጠም ደግሞ ቶሎ አይከፈትም። ሽቦው በፊውዝ አልፎ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ላይ መያያዝ አለበት። በቀጥታ ከባትሪ ከተያያዘ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሞቅ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ጠዋትም ክዳኑ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የኮይል መስመር ኃይል ቀናሽ ባለበት መኪና ደግሞ ከኮይሉ መውሰድ ቾኩን ያዘገየዋል። መስመሩን በመፈተሻ አምፖል ማረጋገጥ ይቻላል፤ ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሲዘጋ መጥፋት አለበት። ቁልፍ ከፍቶ ሞተር ሳያስነሱ መቆየትም ቾኩን ያለ ጊዜው ያስከፍተዋል።

የመስኖ ፓምፕ ላላቸው አርሶ አደሮች ሥርዓቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፓምፑን ውሃ መሙላት፣ ቀጥሎ የቤንዚን መክፈቻውን መክፈት፣ ቾኩን መዝጋትና ገመዱን መሳብ፤ ሞተሩ ሲነሳ ቾኩን ቀስ በቀስ መክፈት። ሞተሩ ገና ትኩስ ከሆነ ቾክ አያስፈልገውም። ቾክ ሲከፈት የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚን ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም በካርቡሬተሩ ሥር አየር እያስገባ ነው፤ ቾኩን ዘግቶ ማሠራት ጉዳቱን ያባብሰዋል። የናፍጣ ፓምፕ ካርቡሬተር ስለሌለው ይህ ጉዳይ አይመለከተውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመወሰኑ፣ በእጅ ያሉት አሮጌ ተሽከርካሪዎች በአግባቡ ተጠብቀው ማገልገል ይኖርባቸዋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የልማት ሠራተኞቻቸውን ሞተር ብስክሌቶችና የመስኖ ፓምፖች ከበጋው ሥራ በፊት ሲያስፈትሹ፣ ቾኩንም ከዘይት ቅያሬና ከካንዴላ ጋር በዝርዝር ቢያካትቱ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ፓምፕ ለሦስትና ለአራት ቀናት ከቆመ ግን፣ አበባ ያወጣ ቲማቲም መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም።