የሞተር ብስክሌት ፍጥነት በምን ይመዘናል?

የሞተር ብስክሌትን ጠባይ መመርመር ሙያዬ እንደ መሆኑ መጠን፣ «ሞተሬ ይህን ያህል በረረ» የሚል ሰው የፍጥነት መለኪያውን ፎቶግራፍ ብቻ በማስረጃነት ሲያቀርብልኝ፣ ዐይኑ ያየውን በቅንነት ቢናገርም መርፌው ብቻውን ፍርድ የሚያጸና ምስክር አለመሆኑን በትሕትና አስረዳዋለሁ። የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል እንጂ አብዝቶ ማሳየትን በወሰን ስለሚፈቅድ፣ በእርግጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 118 ቢያሳይ ደንቡን አልተላለፈም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ በሒሳብ መርምሩ፤ ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር፣ በማርሹና በሰንሰለቱ ተቀንሶ ጎማው 1,000 ጊዜ የሚዞር፣ የጎማውም ዙሪያ 1.9 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ነውና፣ በዚሁ ዙር «140 ሄድሁ» የሚለው ቃል ሐሰትነቱ ገሃድ ነው። ደግሞም የነፋስን ተቃውሞ እያሸነፉ ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ 8 እጥፍ ኃይል እንደሚጠይቅ ልብ በሉ።

በአሜሪካ በቦንቪል የጨው ሜዳ የዓለም ክብረ ወሰን የሚጸናው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ተሂዶ አማካዩ ሲወሰድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ እናንተም ቁልቁለትና የጀርባ ነፋስ እንዳያስታችሁ፣ ለትራፊክ በተዘጋ ሜዳ ላይ በጂፒኤስ ደርሶ መልስ ያልተለካውን ፍጥነት እንደ እውነት አትቀበሉ።