የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ተቋም ነው። በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያኔ አገሪቱን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ በተቃዋሚዎቹ ላይ የፈጸመውን እስር፣ ግርፋትና ግድያ ይዘክራል። ቦታው ራሱ የታሪኩ አካል ነው። የደርጉ ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደም የሚመስል ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ እየከሰከሱ የዛቱት ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚሁ ስፍራ ነበር።

ትርኢቱ በ1966ቱ አብዮት ፎቶግራፎች ጀምሮ ወደ ሟቾቹ ያመራል። ግድግዳውን የሞላው የወጣቶች ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በመስታወት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ የራስ ቅል፣ አጥንትና ልብስ ተቀምጧል። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት መቃብሮችን ሲያስቆፍር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች አግዘውት ነበር፤ መንግሥቱም በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው አጥንት ለሕዝብ ዕይታ ከመቅረቡ በፊት የወንጀል ማስረጃ ነበር። የሙዚየሙ ጉልበትም ከዚህ ይመነጫል፤ በተለይ ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ስለነበሩበት፣ ጎብኚው የሰማውን ተረት ነው ብሎ ማለፍ አይቻለውም።

ሽብሩ በተካሄደባቸው በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ጋር ትዋጋ ነበር። የጦርነቱ መታሰቢያ ግን ሌላ ቦታ፣ በቸርችል ጎዳና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ይገኛል። ትግላችን የሚባለውን ይህን ሐውልት ደርግ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በ1977 ዓ.ም. አቆመው። በዚያ የሚታዩት የዘመቱ ጀግኖች፣ ኮከብ የተቀዳጀ ረጅም ዓምድና የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል ናቸው። ሁለቱ መታሰቢያዎች የአንድ ዘመን ሙታንን ያስባሉ፤ ነገር ግን በአንዱ መንግሥት አገር አዳኝ ነው፣ በሌላው ገዳይ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያላየ ሰው የዘመኑን ግማሽ ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ሙዚየሙም የራሱ ወሰን አለው። የደርግ ተቃዋሚ የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) በከተማ የፈጸማቸው ግድያዎችና ከተቀናቃኙ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ጋር የነበረው ደም የተፋሰሰ ጠብ ለሰማዕታት መታሰቢያ የሚመች ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ ያለዚህ ታሪክ ሽብሩ እንዴት እንደተቀጣጠለ መረዳት ያስቸግራል፤ ይህን ማስረዳት ደግሞ የሟቾቹን ክብር አይቀንስም።

ከሞቱት ሌላ ከሽብሩ የሸሹትም አሉ። በዘመኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው በጅቡቲ አገር በዲኪልና በአሊ ሳቢህ መጠለያዎች እንዲሁም በጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ተጠልለዋል። ስደት በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ አጥንት አይተውም። ታሪካቸው የሚገኘው በስደተኞች መዝገብና በቤተሰብ ትረካ ስለሆነ፣ ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን መቅረጽ ያስፈልጋል።